«ክቡር ሚኒስትሩ» ወይስ «ክቡሩ ሚኒስትር»?

(ለመድረክ መሪዎች፣ ለፕሮቶኮል ሠራተኞችና ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ። ቅድም መድረኩን የምትመራው እህታችን «ክቡር እንግዳችን» ብላ ስታስተዋውቀኝ አንዳችሁም ቀና አላላችሁም። «ክቡር አቶ» ብላ ስሜን ብታስከትል ኖሮ ግን ግማሻችሁ ከስልካችሁ ቀና ብላችሁ «መቼ ተሾሙ?» ትባባሉ ነበር። ቃሉ ያው ነው። በመጀመሪያው አጠራር የአስተናጋጅ ጨዋነት ነው፤ በሁለተኛው ሹመት ነው። ዛሬ የማወራችሁ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

እኔ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሌላ ሰው የሚፈርምበትን ደብዳቤ በማርቀቅ ነው። በታይፕ ጀምሬ በኮምፒውተር ጨረስኩ። ደብዳቤ አርቃቂ በይዘት ብዙ አይወቀስም፤ ይዘቱን አለቃው አይቶ ያርመዋል። የሚወቀሰው በአድራሻው ነው። ከላይ «ለ» ከምትለዋ ፊደል ቀጥሎ ያለችው አንዲት ቃል ስንት ሰው እንዳስኮረፈች እኔ ነኝ የማውቀው።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ከበረ» ከግዕዝ የመጣ የአማርኛም ግሥ ነው። ክብር፣ ክብረት፣ ከበሬታ፣ አክብሮት፣ ክብረ በዓል ሁሉ ከእሱ ይወጣሉ። አልማዙ «የከበረ ድንጋይ» ነው። አማርኛ ላይ ሲደርስ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ተጨመረበት፦ «እገሌ ከበረ» ከተባለ ሰው አከበረው ማለት ሳይሆን ገንዘብ አገኘ ማለት ነው። ከዚያው ግንድ «ከበርቴ» ወጣ። ይቺን «ከበርቴ» ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

«ክቡር» ቅጽል ነው ተብለን ተምረናል። ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ልክ። እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። በአማርኛ ቅጽልና ስም አብረው ሲመጡ የታወቀውን ነገር የምታመለክተው ምልክት የምትለጠፈው ቅጽሉ ላይ ነው። «ትልቁ ቤት» እንላለን። «ትልቅ ቤቱ» ካልን ነገሩ ይዞርና የሰውዬው ቤት ይሆናል። «ደጉ ሐኪም»፣ «አዲሱ ወንበር»። አሁን «ክቡር»ን አስገቡበት። «ክቡር ሚኒስትሩ በንግግራቸው እንዳመለከቱት» ይላል ዜናው። «ክቡሩ ሚኒስትር» ብሎ የሚናገር ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ቢል እንኳ ጆሯችን ወዲያው «ያልከበረውስ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቅጽል ሥራው መለየት ነዋ! ደጉን ከክፉው፣ አዲሱን ካሮጌው ይለያል። «ክቡር ሚኒስትሩ» ውስጥ ያለው «ክቡር» ግን ማንንም ከማንም አይለይም። ከ«ሚኒስትር» ጋር ተጣብቆ እንደ «ሻምበል»፣ እንደ «ፊታውራሪ» የመጠሪያው አካል ሆኗል።

ይቺ የሰዋስው ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ብዙ ነገር ግን ትፈታለች። «እንዲህ ያደረገ ሰው እንዴት ክቡር ይባላል?» ብሎ የሚቆጣ ሰው አለ። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ቃሉ ስለ ሰውዬው ጠባይ ምንም አልተናገረም። «ክቡር ሚኒስትሩ ጉቦ በመቀበል ተከሰሱ» ብትሉ አረፍተ ነገሩ ውስጥ አንዱ ቃል ከሌላው ጋር አይጣላም። ክብሩ የወንበሩ ነው፤ ሰውየው ተቀምጦበት ሳለ ይነካዋል፣ ሲነሳ እዚያው ይቀራል። አባቶች «ሹመት ያዳብር» ብለው የሚመርቁትም የወንበርን ጠባይ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ያልዳበረ ሹመት ማዕረጉን ይዞ ይሄዳል።

ወንበሩ ከጥንት አንድ ዓይነት አልነበረም። በንጉሡ ዘመን መሰላሉ ጥርት ያለ ነበር። ላይኛው እርከን ላይ «ግርማዊ» አለ፤ እሱ ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነው፣ «ግርማዊት» ለእቴጌይቱ። ከዚያ «ልዑል» ለመሳፍንቱ። ከዚያ «ክቡር» ለሚኒስትሩና ለመኳንንቱ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አዲስ የሥራ ስም አገር ውስጥ ገባ እንጂ የድሮው ማዕረግ አልወጣም፤ ሁለቱ ለብዙ ጊዜ ተደራርበው ኖሩ። ለዚህ ነው «ክቡር ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚል አድራሻ የምታዩት። አንድ ሰው ሦስት እርከን ላይ ቆሞ ማለት ነው።

መሰላሉ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደነበረው ለማየት ሁለት ራሶች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጡ። ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ፣ ክቡር ራስ አበበ አረጋይ። ሁለቱም ራስ ናቸው። አንደኛው የዘር ሐረጋቸው ከንጉሡ ቤት ስለሚመዘዝ «ልዑል» ይቀድማቸዋል፤ ሁለተኛው በሸዋ አርበኝነታቸው ያገር መመኪያ የነበሩ፣ ነገር ግን ከንጉሡ ቤት ያልተወለዱ በመሆናቸው «ክቡር» ይባላሉ። የድሮ ጸሐፊ እነዚህን ቢያቀያይር የሚደርስበትን እናንተው ገምቱ።

ደግሞ ቃሉ ለሰው ብቻ አልነበረም። የንጉሡ ዘብ ጦር ስሙ «ክቡር ዘበኛ» ነበር። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከረው ይኸው ጦር ነው። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። ክቡሩ በክቡር ዘበኛ እጅ። (እዚህ ጋ «ክቡሩ» ማለቴን አስተውላችሁልኛል? ስሙ ሲወጣ ምልክቷ ተመልሳ ትመጣለች።)

ከዚያ የ1966 አብዮት መጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ሌሊት ከተገደሉት መካከል ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉም ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም ነበሩ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የመሰላሉ እግር ተቆረጠ፤ ደጃዝማችነቱና ፊታውራሪነቱ የቆሙት መሬት ላይ ነበርና። «ክቡር» በአንድ ዓመት ውስጥ አንደበት ላይ የሚያስፈራ ቃል ሆነ። ቦታውን «ጓድ» ወሰደ። ጓድ ጥሩ ቃል ነው፤ «ጓደኛ» የምንለው ከእሱ ነው፣ በወታደሩም ቤት ትንሿ ክፍል ጓድ ትባላለች። ሐሳቡ ሁሉም ሰው እኩል ይጠራ የሚል ነበር። ወዲያው ግን «ጓድ ሊቀመንበር» መጣ። ያን ጊዜ የኖረ ሰው «ጓድ ሊቀመንበር» ሲባል ድምፁ ከየት ድረስ እንደሚወርድ ያውቃል። መሰላሉ ስሙን ቀየረ እንጂ አልፈረሰም።

አሁን ያስያዝኳችሁን ላንሳ። በዚያው ዘመን «ክቡር» የሚለው ከመድረክ ሲጠፋ ወንድሙ «ከበርቴ» በየሰልፉ ተጮኸ፤ የመደብ ጠላት ስም ሆኖ። አንድ ግንድ፣ ሁለት ቅርንጫፍ። አንዱ ተቆረጠ፣ አንዱ ዱላ ሆነ።

ከ1983 በኋላ «ክቡር» ቀስ እያለ ተመለሰ። ሲመለስ ግን የድሮው እርከን ስላልነበረ የሚያቆመው አላገኘም። ከላይ «ግርማዊ» የለም፣ «ልዑል» የለም። ሦስተኛ የነበረው ቃል አንደኛ ሆነ። ለጠቅላይ ሚኒስትሩም «ክቡር»፣ ለሚኒስትር ዴኤታውም «ክቡር»፣ ለቢሮ ኃላፊውም፣ ለወረዳ አስተዳዳሪውም፣ ለፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትም። ቃል እንደ ብር ነው፤ በብዛት ሲታተም የሚገዛው ያንሳል። «ወይዘሮ»ን ተመልከቱ። አንድ ጊዜ የትልቅ ቤት ሴት ልጅ መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ናት። በ«ወይዘሮ» ላይ የደረሰው ጥሩ ነገር ነው ባይ ነኝ። ወርዶ ወርዶ ለሁሉም ደረሰ፤ ክብሩን የተነጠቀ የለም፣ የተጨመረለት እንጂ። «ክቡር» ግን እስከ ሁሉም አልወረደም። መሐል መንገድ ላይ ቆሞ የሚያገኘውንና የማያገኘውን እያነታረከ ነው። በብዙ ቁጥር «ክቡራትና ክቡራን» ስንል ለአዳራሹ ሁሉ እንሰጠዋለን፣ በር ላይ ለቆመውም ጭምር። በነጠላ ሲሆን ግን ይቆጠራል። በጅምላ በነፃ፣ በችርቻሮ በራሽን!

የተወካዮች ምክር ቤትን ስብሰባ የምትከታተሉ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። አፈ ጉባኤው «ክቡር» ወይም «ክብርት» ናቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም። አባሉ ግን ዕድል ሲሰጠው «የተከበሩ አቶ እገሌ» ነው የሚባለው። ስትሰሟቸው አንድ ይመስላሉ። «ክቡር» የሆነው እንዲያው ክቡር ነው፤ ማን እንዳከበረው ቃሉ አይነግራችሁም። «የተከበረ» ግን ተደራጊ ነው፤ ተደራጊ ባለበት አድራጊ አለ። ሌላ ሰው አከበረው እንጂ ራሱ አልከበረም። እንደራሴን በዚህ ስም መጥራት ያሰበበት ሰው ሥራ ይሁን የልማድ እንጃ፣ ለተመረጠ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝለትም። እንዲያውም ምርጫው የእኔ ቢሆን ሚኒስትሩንም «የተከበሩ» ባልኩ ነበር።

አሁን ወደ ሴቶች። በጥቅምት 2011 ከሃያ ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች ሆኑ፤ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ ትንሽ ቆይቶ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያን ሰሞን ምላሳችን «ክቡር» ላይ ስለለመደ «ክብርት» እያደናቀፈን ነበር። አንድ የመድረክ መሪ «ክቡር… ክብርት… የተከበሩ» ብሎ በሦስት እርምጃ ሲደርስበት አይቻለሁ። ግን የእሱ ከእኔ ስህተት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

የእኔ እንዲህ ነው። ገና ወጣት ሳለሁ ለአንድ ከፍተኛ ኃላፊ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። የኃላፊው ስም ለወንድም ለሴትም የሚሆን ነው፤ እንደ «ደስታ» ያለ። ላጣራ ብዬ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። «አሉ እንዴ?» አልኩ። «የሉም፣ ስብሰባ ገብተዋል» አለች ጸሐፊዋ። «መቼ ይወጣሉ?» «አይታወቅም፣ ሲወጡ እነግራቸዋለሁ።» «ደብዳቤ ልንልክላቸው ነበር።» «ይላኩ፣ እሰጣቸዋለሁ።» ብዙ አወራን። ጨዋዎች ነን፣ ሁለታችንም በአክብሮት ነው የምናወራው። ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር እንዳላወቅሁ አላወቅሁም ነበር። «ለክቡር አቶ» ብዬ ጻፍኩ፤ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶ ወጣ። ከሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። ከፊርማው በታች የታተመው ስም «ወይዘሮ» ይላል። ሌላ ቃል የለም፣ ወቀሳ የለም። «ወይዘሮ» ከሚለው በታች ግን በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ የተሰመረች የምትመስል አንዲት ቀጭን መስመር አለች። አለቃዬ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እሱም ምንም አላለኝም።

የተያዝኩት በራሱ በአማርኛ ነው። አማርኛ አክብሮ ሲናገር ጾታ ይጠፋዋል። «መጣ» እና «መጣች» ይለያያሉ፤ «መጡ» ግን ለአቶውም ለወይዘሮዋም አንድ ነው። «እሳቸው»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ» ማንን እንደሆነ አይናገሩም። ሰውን ከፍ ባደረግነው መጠን ወንድ ይሁን ሴት እየደበቅነው እንሄዳለን። ስለዚህ አንድን ባለሥልጣን በትክክለኛው አማርኛ ስታወሩ ሴትነቷ የሚታይባት ቦታ አድራሻው ላይ ብቻ ነው። «ክብርት» ስትሳሳት የምትጎላው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምስክር የላትማ!

ይህ ወደ ዋናው ነገሬ ያደርሰኛል። የአማርኛ አክብሮት የሚኖረው ግሡ ውስጥ ነው፤ ማዕረጉ ተቀጥላ ነው። «አቶ እገሌ ገለጹ» ከተባለ ሰውየው ተከብሯል፣ ሌላ አያስፈልገውም። ጋዜጦቻችን ዜና ሲጽፉ «ክቡር»ን ትተው ሥልጣኑን ብቻ የሚያስቀድሙት፣ ዶክትሬቱንም ከስሙ ኋላ በቅንፍ «(ዶ/ር)» የሚሉት ማንንም ሳያስቀይሙ ነው፤ «አሉ» እና «ገለጹ» ሥራውን ይሠሩላቸዋል። በተቃራኒው «ክቡር ሚኒስትሩ መጣ» ብትሉ «ክቡር»ን ከነሙሉ ግርማው አፍርሳችሁታል። ማዕረግ ያለ ግሥ ስድብ ይሆናል፤ ግሥ ያለ ማዕረግ ግን ምንም አይጎድለውም። «አንቱ የተባለ ሐኪም» ስንል እኮ የሐኪሙን ማዕረግ አልጠራንም፤ በምን እንደሚያናግሩት ተናገርን። (ፈጣሪን ግን «አንተ» ነው የምንለው። ከእሱ ጋር ፕሮቶኮል የለንም።)

ይህን የሚያውቁ ቀልደኞች ጥሩ አድርገው ተጠቅመውበታል። በሪፖርተር ጋዜጣ «ክቡር ሚኒስትር» የሚል የምፀት ዓምድ ለዓመታት ሲወጣ ኖሯል። የሚያስቀው ማዕረጉ ሲደጋገም ነው። አንድ ሰው በየአረፍተ ነገሩ ሲከበር ክብሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን እናንተ መድረክ ላይ ስትሆኑ አትርሱት። ሰውየውን መጀመሪያ ስትጠሩ «ክቡር» በሉ፤ አንድ ጊዜ በቂ ነው። ከዚያ ወዲያ «እሳቸው» ይበቃል። በየመሐሉ «ክቡርነታቸው» የምትሉ ከሆነ አድማጩ መቁጠር ይጀምራል።

ስለ «ክቡር ዶክተር» ሳልናገር እንዳልወርድ። ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው «የክብር ዶክትሬት» ነው። ተቀባዩን «የክብር ዶክተር» ማለት ያስኬድ ነበር፤ የኛ ሰው ግን «ክቡር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ» ማለትን መረጠ። ስለዚህ አሁን «ክቡር ዶክተር» የሚባሉ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ፦ ዲግሪው በክብር የተሰጣቸውና ተምረው ዶክተር ሆነው የተሾሙ። ወረቀት ላይ አይለዩም። ሁለቱ በአንድ መድረክ ሲገናኙ ሥልጣኑን ጥሩላቸው፣ ወይም ለአንዱ «የክብር ዶክተር» በሉ። በጥላሁን ላይ ግን አልከራከርም፤ ያንን ሕዝብ ነው የሰጠው።

የቀሩት ነገሮች አጫጭር ናቸው። ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ዳኛውን ብቻ አይደለም፣ ችሎቱንም «ክቡር ፍርድ ቤቱ» ትላላችሁ፤ እዚህም ምልክቷ ስሙ ላይ እንጂ «ክቡር» ላይ እንዳልተለጠፈች አስተውሉ። ለጳጳስ «ብፁዕ»፣ ለፓትርያርኩ «ብፁዕ ወቅዱስ» ነው፤ «ክቡር» ለእነሱ ዝቅ ያለ ነው። ሲጻፍ «ክቡርነትዎ» እንጂ «ክቡርነቶ» አይደለም። በፊርማ ቦታ ላይ ደግሞ «ክቡር» የሚባል ነገር አይጻፍም፤ ስምና ሥልጣን ብቻ። ይህ ከሌላ ሰው አፍ የሚመጣ ቃል ነው። አለቃችሁ በቢዝነስ ካርዱ ላይ እንዲታተምለት ከጠየቀ በትህትና «ማተሚያ ቤቱ ቦታ የለም ብሏል» በሉት።

እንዳበቃ ከመድረክ መሪዋ በብጣሽ ወረቀት ምልክት ደርሶኛል። ብጣሽ ወረቀት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔም መድረክ የመራሁበት ጊዜ ነበር። ንግግር እየተካሄደ «እገሌ ገብተዋል» የምትል ወረቀት ትመጣለች፤ ተናጋሪውን አቋርጠን «በመካከላችን የተገኙት ክቡር…» እንላለን። አንድ ቀን ጠዋት እንዲህ ያለች ወረቀት መጣችልኝና አንድ ኃላፊን በሙሉ ማዕረጋቸው፣ ድምፄን ሞልቼ ጠራሁ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ለካ ማታ በዜና ከሥልጣን ተነስተዋል፤ እኔ አልሰማሁም። ሰውየው በግማሽ ተነስተው፣ በግማሽ እጅ ነስተው ተቀመጡ።

ከዓመት በኋላ ይሆናል፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት በር ላይ አየኋቸው። መኪና የለም፣ አጃቢ የለም። ወጣቱ ጥበቃ አላወቃቸውም። መታወቂያ ተቀብሎ መዝገቡን ገፋላቸው። ስማቸውን ጻፉ። ቀጥሎ «የመጡበት መሥሪያ ቤት» የሚል ዓምድ አለ። እስክሪብቶውን እዚያ ላይ ትንሽ አቆዩትና ሳይጽፉ አለፉት። ጥበቃው መዝገቡን አየ፣ ባዶውን ቦታ አየ፣ ሽበታቸውን አየ። መታወቂያቸውን በሁለት እጁ መለሰላቸውና «ይግቡ አባቴ» አላቸው።